የውሰት ዊልቸሮች

«መፍቻውን አስቀምጪ» አለ ወንድሟ ከተጋደመበት ፍራሽ ላይ።

ልጅቷ አልዞረችም። የማዕከሉን አሮጌ ዊልቸር ገልብጣ የፊት ጎማውን ብሎን እያላላች ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ምላጭ» ይሏታል። ምላሷን ነው እንጂ በእጇስ እስካሁን ማንንም ቆርጣ አታውቅም። ዛሬ ግን ምላስ አልበቃትም።

«ዛሬ ማን እንደሚመጣ ታውቃለህ አይደል?»

«ማን ይረሳዋል? ፈገግታ ነዋ።»

ፈገግታ ያሉት የበጀት ኃላፊውን ነው። ለአካል ጉዳተኞች ማዕከሉ የመንግሥትን ገንዘብ የሚፈቅደውም የሚከለክለውም እሱ ነው። አምና ሊጎበኝ ሲመጣ ሥራ አስኪያጇ ጉድ እንዳይታይባት ግድግዳውን አስቀባች፤ ከሆስፒታሉ አዳዲስ ዊልቸሮች ተዋሰችና ልጆቹን ደረደረችባቸው። ፈገግታም «እስቲ ስሜቱን ልየው» ብሎ አንዱ ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶ ተነሳ። የወንድሟን ፀጉር እንደ ሕፃን አሻሸለት። ቢሮው ሲመለስ ደግሞ «ማዕከሉ የተሟላ ነው፤ ድጎማ አያስፈልገውም» ብሎ በጀቱን ቆረጠ።

የውሰቱ ዊልቸሮች በማግስቱ ተመለሱ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሚከፍላት ጠፍቶ ሄደች። ብረት ይዞ መቆም ጀምሮ የነበረው ወንድሟም ጉልበቱ ተመልሶ ታጠፈ። አሁን ሱሪ ሲያለብሱት እንኳ ጥርሱን ይነክሳል።

«ዘንድሮም ለፎቶ መቀመጡ አይቀርም» አለች ልጅቷ። «ይቺን አቀርብለታለሁ። ካሜራው ፊት በግንባሩ ድፍት!» ስትናገረው አፏን ጣፈጣት።

ወንድሟ ቃል ከአፉ የሚወጣው እየተጎተተ ነው። ሳቁ ግን ፈጣን ነው። ሳቀባት።

«ይወድቃል... ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይዋረዳላ!»

«ፋራ። ሲወድቅ... አዳራሹ ሙሉ ሰው ያነሳዋል። እኛ ደግሞ... እግዜር ይማርዎት ልንል... ሆስፒታል እንሄዳለን።»

«እና ዝም ልበለው? እጁን ፀጉርህ ላይ እያየሁት?»

«ማን ዝም በዪው አለሽ? ያንቺ በቀል... ርካሽ ነው። እኔ ውዱን ነው የምፈልገው። ባለሙያዋን... በገዛ እጁ... ሲመልሳት ማየት።»

በዚህ መሃል ግቢው ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ልጅቷ በመስኮት አየች። የሆስፒታሉ ፒክአፕ ነው። ከኋላው የተደረደሩት ዊልቸሮች ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃሉ። ዘንድሮም!

ብሎኑን መልሳ አጠበቀች። ዊልቸሩን በጎማው አቆመችና በሩጫ ወጣች።

«ጋሼ፣ እንዳያወርዱ! ቀርቷል፣ ይመልሷቸው።»

«እንዴት ቀረ?» አለ ሹፌሩ። «ስጭን እኮ ወገቤ ተቀንጥሷል!»

«እንግዲያው ማውረዱ ቀረልዎት። ይመርቁኝ እንጂ!»

ሹፌሩ እያጉረመረመ ዞሮ ወጣ። ሥራ አስኪያጇ ብቅ ስትል የቀረው አቧራው ብቻ ነበር።

«የት ሄደ? ማነው የመለሰው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«አንቺ ምን ነክቶሻል? ልጆቹን ምን ላይ ላስቀምጣቸው? ሰውየው መሬት ላይ ተኝተው ይያቸው?»

«ትናንት የት ነበሩ?»

ሥራ አስኪያጇ አፏን ከፈተች፤ ግን ሌላ ጥሩምባ ቀደማት። የኃላፊው መኪና በሩ ላይ ደርሶ ነበር።

ኃላፊው ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ አዳራሹ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ፍራሽ ላይ ናቸው፤ የሚችሉት ግድግዳ ተደግፈዋል። አሮጌው ዊልቸር ላይ ወንድሟ ተቀምጧል። ኃላፊው ዙሪያውን ቃኘ።

«አምና የነበሩት ዊልቸሮችስ? አንዱን እንኳ አምጡልኝና ፎቶ እንነሳ።»

«ያለው ይሄ ነው» አለ ወንድሟ። «በተራ ነው... የምንጠቀመው። ከኔ ቀጥሎ... ፍራሹ ላይ ያለችው ልጅ ናት። ከሷ በኋላ... ያ ትንሹ። እርስዎ... ከሱ በኋላ ይደርስዎታል።»

ትንሹ ልጅ ክትክት ብሎ ሳቀ። ካሜራ የያዘው ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። የኃላፊው ፈገግታ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?» አለ ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞሮ። «አምና በዓይኔ አይቻለሁ እኮ!»

ሥራ አስኪያጇ ልጅቷን በጎሪጥ አየቻት። ከዚያ ፍራሹ ላይ ያሉትን ልጆች አየች።

«የውሰት ነበሩ» አለች። «እንዳናፍር ብለን ነው።»

«ታዲያ ችግር ካለ ለምን አልተነገረኝም?»

«አምና...» አለ ወንድሟ፣ «እርስዎ... ራሴን ሲ... ሲያሻሹኝ...» ቃሉ ተያዘበት።

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። «ምን ሊል ነው?» አለ ልጅቷን። «እህቱ ነሽ አይደል? አንቺ ቶሎ ንገሪኝ፤ ሌላ ስብሰባ አለብኝ።»

ልጅቷ ወንድሟ ሊል የፈለገውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታውቀዋለች። የራሷንም ጨምራ፣ ካሜራው ፊት ሰውየውን መላጨት ትችል ነበር። ምላሷ ተስሎ ቆሟል። ወንድሟን አየችው። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል፤ ዓይኖቹ ግን ከኃላፊው ላይ አልተነቀሉም።

ጥግ ላይ የነበረውን በርጩማ አነሳችና ከዊልቸሩ ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«እሱ ራሱ ይነግርዎታል» አለች። «ቁጭ ይበሉ።»

ኃላፊው ካሜራውን አየ፤ በሩን አየ፤ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ አፏን ዘጋች።

ሌላ ጊዜ ሰው እንዳይሰለቸው የሚጣደፈው ወንድሟ ዛሬ አልቸኮለም። ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«እሺ...» አለ፣ «ከመ... ጀመሪያው... ልጀምርልዎት።»