መጨረሻ የሚወጣው ሾፌር

ሾፌሩ ወደ ማገገሚያ ማዕከሉ ሲመጣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት ነበር። ጣቶቹ ይታያሉ እንጂ የሱ አይመስሉም። የእጅ ሕክምና ባለሙያዋ ፊት ተቀምጦ እጁን ጠረጴዛው ላይ አኖረላት፤ ከዚያ የሰው ዕቃ እንዳስረከበ ሰው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ያምዎታል?» አለችው ጣቱን ቀስ አድርጋ እያጠፈች።

«አያመኝም።»

ግንባሩ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሎ ነበር። አየችውና ጣቱን መልሳ ዘረጋችለት።

አንድ ሰሞን እንዲሁ አለፈ። ኳሱን ጭመቅ ሲባል ይጨምቃል፣ ዘርጋ ሲባል ይዘረጋል፣ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። የእጁ አንጓ መላላት ሲጀምር ወደ ክፍሉ ጥግ ወሰደችው። እዚያ ሰፊ ስክሪን፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ መሪና ሁለት ፔዳል አለ። ታካሚዎች እጃቸውን እንዲያፍታቱ የተገዛ የመኪና ውድድር ጌም ነው፤ ሌሎቹ ይሻሙበታል። ሾፌሩ መሪውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሌላ ነገር የለም?»

«ለእጅዎ ከዚህ የተሻለ የለኝም።»

ተቀመጠ። ስክሪኑ ላይ መኪኖቹ ተደርድረው ቀረቡ፤ መሬት የሚልሰው ቀይ፣ ጀርባው ላይ ክንፍ ያለው ቢጫ፣ ከሁሉም መጨረሻ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ትንሽ ግራጫ መኪና። ሾፌሩ ግራጫውን መረጠ። ሁሉም እያለፉት ሄዱ፤ መጨረሻ ገባ። ጌሙ መጨረሻ ለወጣም ቢሆን ጥቂት ነጥብ ይሰጣል፤ በነጥቡ ሞተር ይጠነክራል፣ ጎማ ይቀየራል፣ ፍሬን ይሻሻላል። እሱ ያገኘውን ሁሉ ፍሬኑ ላይ አደረገ። በማግስቱም እንደዚያው። በሳምንቱም እንደዚያው። ግራጫዋ መኪና በዓለም ላይ የሌለ ፍሬን እስኪኖራት ድረስ።

ትከሻውን የሚታከም አንድ አናጺ ከኋላው ቆሞ ሲያይ ቆየና ሳቁ አመለጠው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ! ወንድሜ፣ ሞተሩን ጨምርበት እንጂ! ይሄ እኮ ቢጋጭም ሰው አይሞትበትም!»

ሾፌሩ ከመሪው ላይ እጁን አነሳ። ተነስቶ ወጣ።

ባለሙያዋ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«አናጺው እርስዎን ማስከፋት ፈልጎ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አላት ግድግዳውን ተደግፎ። «እባክሽ አንተ በይኝ። እርስዎ ስትይኝ ፍርድ ቤት የቆምኩ ይመስለኛል።»

ከዚያ ነገራት። ታናሽ ወንድሙ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ዝናብ ነበር። ከመታጠፊያው ማዶ አንድ ከባድ መኪና መንገድ ዘግቶ ቆሟል።

«ፍሬኑን ረገጥኩት። ደጋግሜ ረገጥኩት። መኪናው አልሰማኝም። ፍርድ ቤቱ ነፃ ነህ አለኝ። እናቴ ግን ከቀብሩ ወዲህ አላናገረችኝም። አንድ ቤት ነው የምንኖረው። ምሳዬን ሠርታ እዚህ ድረስ ታመጣለች፣ ለጥበቃው ሰጥታ ትመለሳለች።»

ከዚያን ቀን ወዲያ ባለሙያዋ የሱ ሰዓት ሲደርስ መስታወት ማየት አበዛች። ታካሚዋ ነው፤ ስለዚህ ልቧን አፍና ያዘች። ይሁንና እጁን ስትይዝ እሱም መስኮቱን ማየት ተወ፤ እሷን ያያል፣ ቀና ስትል አንገቱን ይደፋል።

አንድ ቀን ፋሻውን እየጠቀለለችለት «ካንቺ ጋር ሳወራ ነው የምተነፍሰው» አላት።

እጇ ቆመ።

«ግን የገዛ እናቱ ዝም ያለችው ሰው የሰው ልጅ ለትዳር አይጠይቅም» ብሎ ጨመረ።

ፋሻውን ቋጠረችለት፤ ቋጠሮውም ጠበቀ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ወደ በሩ ወረደች። እናቱ ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ሳህኑን ለጥበቃው ሊሰጡ እጃቸውን ዘርግተዋል።

«እማማ፣ አንዴ ገብተው ይዩት።»

«ምኑን ልየው፣ የኔ ልጅ?»

«እንዴት እንደሚነዳ።»

እናትየው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ሳህኑን እንደያዙ ተከተሏት።

ሾፌሩ ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና አላያቸውም። ግራጫዋ መኪና የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ትሳባለች፤ ሌሎቹ እየጮሁ ያልፏታል። እናቱ አይተው አይተው ድንገት አፋቸው ተከፈተ።

«ወንድምህ ቢያይህ በሳቅ ይሞት ነበር!»

ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሾፌሩ መሪውን ለቀቀ፤ መኪናዋ ከግንቡ ተላተመችና ቆመች።

እናቱ ሳህኑን አስቀምጠው አጠገቡ ተቀመጡ።

«እሱ ቢሆን የትኛውን ነበር የሚመርጠው?»

«ቀዩን» አለ ሾፌሩ። «ነጥቡንም ሙጥጥ አድርጎ ሞተሩ ላይ ነበር የሚያፈሰው። ቤት ጌም ስንጫወት 'አንተ ሽማግሌ' ይለኝ ነበር።»

«ዝም ያልኩህ ተቀይሜህ መሰለህ? ልጄ፣ አንተን ልጠራ አፌን ስከፍት የሱ ስም እየመጣብኝ ነው። አንድ ቀን በሱ ስም ብጠራህ ምን ይሰማሃል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ሾፌሩ የታመመውን እጁን አንስቶ ትከሻቸው ላይ ጣለው። ባለሙያዋ ቀስ ብላ ወጣች፤ ፎጣ የሚቀመጥበት ክፍል ገብታ አለቀሰች።

የሕክምናው ማብቂያ ቀን ደረሰ። አንጓውን ለመጨረሻ ጊዜ ለካችው።

«እንደ ድሮው አይሆንም» አለችው፤ ልትዋሸው አልፈለገችም። «መሪ ይዘህ ረጅም መንገድ መሄድ አትችልም።»

«አውቃለሁ። መናኸሪያው ስምሪት ክፍል ሊያስገቡኝ ነው። ሌሎቹን ሾፌሮች እሸኛለሁ።»

ከውጭ አውቶቡስ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ታካሚሽ አይደለሁም?»

«አይደለህም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«እናትህ ቀድመውሃል።»

«ምን?»

«ትናንት፣ በር ላይ። 'ልጄ አፍ የለውም፤ እሱን ስትጠብቂ ታረጃለሽ' አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«እሱ ራሱ ይጠይቀኝ አልኳቸው።»

ሾፌሩ ሳቀ። ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ ዓይኗን ሳይሸሽ፣ ጠየቃት።

መልሷን በቃል አልሰጠችውም። እጁን ያዘችው። ወራት ሙሉ ስትይዘው ከርማለች፤ እንዲህ አድርጋ ግን ይዛው አታውቅም።