በጓዴ ስም የቀሩ ነፍሶች

«ጓዴ ሞተ» አለች ሰርካለም ሳታስበው፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ።

በረንዳ ላይ ምስር ስታበጥር የነበረችው እናቷ ሰፌዱን ያዝ አደረገችው።

«ምን አልሽ?»

«ምንም እማ። ጌሙ ነው። ውስጡ ያለው ሰውዬ ነው የሞተው።»

«ሰውዬው ስሙ ጓዴ ነው?»

ምን ብላ ትመልስ? ስሙማ ጓዴ ነው። ወንድሟ ጨዋታውን ስልኩ ላይ የጫነ ቀን ስም ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ ፊደል የራሱን ስም ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ጦር ያነገበው ትንሽ ሰውዬ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ፣ ሲዘልና ጭራቅ ሲወጋ ያ ስም ከራሱ በላይ አብሮት ይሮጣል። የስሙን ባለቤት ግን ነሐሴ ላይ ወንዝ ወስዶታል። አርባው ከወጣ እንኳ ሁለት ሳምንት አልፏል።

የንፋስ መውጫ ልጆች ጌም ላይ የምትቀረውን ዕድል «ነፍስ» ነው የሚሏት። ትምህርት ቤት «ስንት ነፍስ አለህ?» ይባባላሉ፤ ማንም አይደነግጥም። ጓዴ ሰባት ነፍስ ትቶ ነበር የሄደው። ሰርካለም አምስቱን ጨርሳ ሁለት ቀርተዋታል። ኔት ቢኖር ማስታወቂያ አይቶ አንድ ሁለት ማስጨመር ይቻል ነበር፤ ኔት ግን ከጠፋ ቆይቷል። ነፍስ ሲያልቅ ጨዋታው ሁሉን ነገር ይደመስስና «ስምህን አስገባ» ብሎ እንደ አዲስ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ጓዴ የሚባል ሰው እዚያም አይኖርም።

ታዲያ ለምን አትተወውም? ራሷንም ጠይቃዋለች። ችግሩ ሰውዬው የቆመበት ቦታ ነው። ሰባተኛው ደረጃ ላይ፣ ደፍርሶ የሚወርድ ወንዝ ዳር ቆሟል። ስልኩን በከፈተች ቁጥር እዚያው ሆኖ ይጠብቃታል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ ይተነፍሳል። ክፍል ውስጥ ሒሳብ እየተማረች እንኳ ያ ትከሻ ይታያታል። ካላሻገረችው የሚተዋት አይመስላትም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ቢሰሟት አበደች ይሏታል።

ጌም አትችልም እንዳይባል ደግሞ ትችላለች። ክረምት ሲገባ ሁለተኛውን ደረጃ ማለፍ አቅቷት ስልኩን ልትወረውር የደረሰች ልጅ፣ ዛሬ እስከ ስድስተኛው ያለውን እያወራች ትወጣዋለች። በግራ አውራ ጣት መሮጥ፣ በቀኙ መዝለል፤ ረዘም አድርጎ መጫን ለሰፊው ገደል፣ ነካ አድርጎ መልቀቅ ለጠባቡ። ጭራቁን መዶሻውን ሳያነሣ ቀድሞ መውጋት። ይህን ሁሉ ያስተማራት ጓዴ ነው። እሱ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ደርሶ ነበር፤ ከእሷ ጋር ተራ በተራ ለመጫወት ብሎ ነው ከመጀመሪያው የጀመረው። ወንዙ ብቻ እምቢ አላት። በውሃው ላይ በሚመጡት ግንዶች ላይ እየዘለሉ መሻገር ነው፤ ሦስተኛው ግንድ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትሰምጣለች።

«በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ምን አስወጣው?» አለች እናቷ ከውጭ፣ ለማንም ሳይሆን።

ይህን ሳትል የምትውልበት ቀን የለም። ጓዴ ዘመናዊ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ቤተ ልሔም ከሚባለው የድጓ ደብር ሦስት ዓመት ዜማ ተምሯል። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ለፍልሰታ ወደ የኔታው እየሄደ ሱባኤውን ይዞ፣ በዓሉን አክብሮ ነበር የሚመለሰው። ዘንድሮ ግን በዓሉ ሳይደርስ፣ ዝናብ ሲወርድ ባደረበት ጠዋት ብድግ ብሎ ወደ ቤቱ መንገድ ወጣ። ለቅሶ የመጣ ሁሉ ምክንያቱን ጠየቀ፤ የመለሰ የለም።

ሰርካለም ታውቃለች። ጓዴ ስልኩን ለእሷ ትቶላት ነበር። ያን ቀን እዚያው ዜማ ቤት ላለው ለጓደኛው ለይበልጣል ደውላ ወንድሜን አቅርብልኝ አለችው። «ወንዙ አልሆነልኝም፤ ቶሎ ና። ካልመጣህ ነፍስህን በሙሉ እጨርስልሃለሁ» አለችው ለጓዴ። እሱም ሳቀ። ሳቁ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ፣ ሌላ ድምፅ ሁሉ ዝም ሲል ይሰማታል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበልጣል ገበያ መጥቶ እግረ መንገዱን ሊጠይቃቸው ገባ። እናቷ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበር። ሰርካለም ውሃ ሰጥታው ትንሽ ካመነታች በኋላ የጓዴን የሒሳብ ደብተር አመጣች፤ ከትናንት በስቲያ ነው ከፍራሹ ሥር ያገኘችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ቁጥር የለም፤ መስመር፣ ቅስትና ነጠብጣብ ብቻ ነው። ከላይ «ሰባት» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄን ታውቀዋለህ?»

ይበልጣል ደብተሩን ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። «የዜማ ምልክት ነው። ግን ከሥሩ ቃል የለውም። ያለ ቃል ምን ሊያዜምበት ነው?»

ስልኩን ከፍታ አሳየችው። ወንዙን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ እንደገና ወንዙን አየና ፈገግ አለ።

«የድጓን ምልክት ለጌም! የኔታ ቢያዩት በአለንጋ ነበር የሚያባርሩት።»

«አንብብልኝ በናትህ።»

ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበ። «ሂደት፤ ይሄ መሄድ ነው። ድፋት፣ ዝቅ ማለት። ርክርክ፤ ይሄ ቶሎ ቶሎ ነካ ነካ ነው። ከዚያ ይዘት አለ።»

«የቱ?»

«ይቺ ነጥብ።»

«ቀለም የነጠበ መስሎኝ።»

«ይዘት ናት። ያዝ ማለት ነው። ድምፅሽን ያዝ ታደርጊዋለሽ፤ ወደሚቀጥለው አትቸኩዪም።»

ሰርካለም ነጥቧን ደጋግማ አየቻት። ከነካ ነካው ቀጥሎ፣ ሦስተኛው ግንድ ላይ ናት። ያ ግንድ ሲረግጡት መስመጥ ይጀምራል፤ እሷም ደንግጣ ወዲያው ትዘላለች፣ አራተኛው ግን ገና ሩቅ ነው። ጓዴ ዝለዪ አላለም ለካ። ቁሚ ነው ያለው።

ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ቆመች፤ ውሃው እስከ ሰውዬው ጉልበት ሲደርስ ግን ልቧ አልቻለምና ዘለለች። ሰመጠ። አንድ ነፍስ ቀረች።

«ተዪው ይቅር» አለ ይበልጣል።

«አይቀርም። አንተ አዚምልኝ።»

ይበልጣል ግራ ቀኙን አየና በለሆሳስ ጀመረ። ሂደቱን ሲያስኬደው ሮጠች፤ ድፋቱ ላይ ከቅርንጫፍ ሥር ዝቅ አለች፤ ርክርኩ ላይ ሁለቱን ትንንሽ ግንዶች ነካ ነካ አድርጋ አለፈች። ሦስተኛው ላይ ይበልጣል ድምፁን ያዘው። ውሃው ጉልበቱ ደረሰ፣ ወገቡ ደረሰ። ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች። ግንዱ መስመጡን ተወና ቀስ ብሎ መልሶ ወደ ላይ አነሣው፤ አራተኛው አጠገቡ ደርሶ ነበር። ዘለለች።

ጓዴ የሚለው ስም ከወንዙ ማዶ ቆመ።

ደስ ይለኛል ብላ ነበር የጠበቀችው። ሁለት ወር ያህል ያሰበችው ይህን ነው። ሰውዬው ግን ማዶም ሆኖ ያው ትከሻውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይጠብቃታል። የተሻገረው እሱ ነው፤ ወንድሟ አልተሻገረም።

ይበልጣል ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሣም። «ያን ዕለት የኔታ ወንዙ እስኪጎድል ቆይ ብለውት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ግን ‹እህቴ ወንዝ ላይ ቀርታለች፣ ሄጄ ላሻግራት› ብሎ እየሳቀ ወጣ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር።»

ሰርካለም ቀና ብላ አየችው። «መደወሌን ታውቅ ነበር።»

«ስልኩን ያቀበልኩት እኔ አይደለሁ? እናትሽ እትዬ ተዋበች ‹ምን አስወጣው?› ብለው በጠየቁ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። አንቺ እንድትነግሪያቸው ብዬ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እጁን ይዤ ማስቀረት ነበረብኝ።»

«አንተ ምን አደረግህ? የጠራሁት እኔ ነኝ።»

«አንቺም መጫወት ነው ያማረሽ። ወንዙ መሙላቱን በምን ታውቂያለሽ?»

እንባዋ መጣ፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ አልቅሳ አታውቅም ነበር።

የግቢው በር ተንቋቋ። እናቷ ዱቄቱን አዝላ ገባች። ይበልጣል ተነሥቶ ተቀበላትና ከግድግዳው ሥር አስቀመጠላት።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። ደኅና ነህ? የኔታ ደኅና ናቸው?» አለች፤ ወዲያው የልጇን ፊት አየች። «ምን ሆናችኋል?»

ይበልጣል ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ ያን የሚጠይቁትን ነገር…»

«ቆይ፣ ይበልጣል» አለች ሰርካለም። «እኔ ልንገራት።»

እናቷ ከዚህ በኋላ በምን ዓይን እንደምታያት አታውቅም። እንደ ድሮው ሰርኬ ብላ ትጠራት እንደሆነ አታውቅም። ስልኩን ዱካው ላይ አስቀምጣ በዱቄት የነጣውን የእናቷን እጅ ያዘችና መደቡ ላይ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«እማ፣ ያን ቀን ደውዬ ና ያልኩት እኔ ነኝ።»