የጎረቤት ጥዶች

«ቢላዋውን አስቀምጪው፤ አይቼዋለሁ» አለች ቀጮ።

ሚጡ ግን የዛፉን ቅርፊት መላጥ ጀምራለች። በእነቀጮ ደን፣ ከጥዱ ግንድ ሥር ሱረት የመሰለ ቡናማ ዱቄት ተከምሯል። የላጠችው ቅርፊት በውስጥ በኩል በጠባብ መንገዶች ተቦርቡሯል። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ጥንዚዛ እግሮቿን ታንፈራግጣለች። ካፊያው ከጠዋት ጀምሮ ስላላባራ የሁለቱም ጫማ ውሃ ቋጥሯል።

«አንድ ዛፍ ነው» አለች ቀጮ።

«አሥራ አንድ ነው። ቆጥሬያለሁ።»

«እሺ፣ ኢንስፔክተር!»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከአንድ ዴስክ ተለያይተው አያውቁም።

ሚጡ የቁጥጥሩን ሥራ ፈልጋ አልያዘችውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደን አለው፤ ግን ቁርጥራጭ ነው። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ባለሙያ ልቅጠር፣ ማሽን ልግዛ፣ ችግኝ ላፍላ ቢል አይችልም። ስለዚህ ማኅበር አላቸው። የቱ ዛፍ እንደሚቆረጥ፣ የቱ እንደሚቆይ የሚታቀደው በማኅበሩ ነው፤ ግንዱም የሚሸጠው አንድ ላይ ነው። በየወሩ ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የጎረቤቱን ደን ዞሮ ያያል፤ የራሱን አይደለም። «የራስሽ ሲሆን የታመመውን አልፈሽ ጤነኛውን ነው የምታዪው» ይላል አባቷ። ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ ስላለው መዞሩ ለሚጡ ደረሰ።

አምና ዱቄቱ የተገኘው በእነሚጡ ደን ነበር። ያገኘው የቀጮ አባት ነው። በሦስተኛው ቀን የማኅበሩ ሠራተኞች መጥተው አርባ ጥድ ጣሉ። አሁን ከሚጡ መኝታ ቤት መስኮት የሚታየው ጉቶ ብቻ ነው። ማኅበሩ የተከለላቸው ችግኝ ገና ጉልበቷ ጋ አልደረሰም። አባቷ በዚያ በኩል ያለውን መጋረጃ እስካሁን አይከፍትም።

«የታመመውን ብቻ የሚቆርጡ መስሎሽ ነው?» አለች ቀጮ። «ዙሪያውን ሁሉ ነው የሚጠርጉት። አባዬ ሥራ ካቆመ ወዲህ ከሶፋው የሚነሳው ለእነዚህ ዛፎች ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለምን ብሎ ይነሳል? በናትሽ፣ በሚቀጥለው ወር ጻፊው።»

«እስከሚቀጥለው ወር ጥንዚዛዎቹ በረው ይሄዳሉ። ከእናንተ አልፈው ሦስት ጎረቤት ይገባሉ።»

«አታካብጂ!»

«አላካበድኩም። ደርሶብኝ አይቼዋለሁ።»

የቀጮ ፊት ቅጭም አለ። «ገባኝ። የአምናውን እየመለስሽ ነው። ስትጠብቂው የከረምሽው ቀን መጣልሽ።»

ሚጡ ወደ ዱቄቱ አጎነበሰች። ዱቄቱን መጀመሪያ ስታይ ለአፍታ ደስ ብሏት ነበር። ለአፍታ ብቻ ነው፤ ግን ብሏታል። ቀና ስትል ቀጮ በዛፎቹ መሃል እየሮጠች ነበር።

የማኅበሩ ቢሮ አንዲት ክፍል ናት፤ እርጥብ ካፖርትና ቤንዚን ትሸታለች። የደን ባለሙያው ቅጹን አንብቦ ግድግዳው ላይ ባለው ካርታ አንድ ቀይ መርፌ ሰካ።

«ቶሎ ደርሰሽበታል። ነገ ከገባንበት ከሠላሳ ዛፍ አይበልጥም። ወር ቢቆይ ኖሮ ያ ተዳፋት በሙሉ አልቆለት ነበር።»

ሠላሳ። ሚጡ ሠላሳ ጉቶ በዓይነ ሕሊናዋ ደረደረች።

ባለሙያው ቅጹን ገልብጦ አየ። «የተቆጣጣሪ ስም አልሞላሽም።»

«አዎ።»

ቀና ብሎ አያት፤ የአምናውን ያውቃል። «ከፈለግሽ የእኔን ስም እሞላለሁ። በዚያ ሳልፍ አየሁት ብል ማን ይጠይቀኛል?»

ሚጡ አሰበችው። ቀጮን «እኔ አልጻፍኩም፤ እሱ ነው ያገኘው» ማለት ትችላለች። ቀጮም ታምናታለች፤ ማመን ትፈልጋለቻ! ሰኞ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። ዛፎቹም ያው ይቆረጣሉ። ምንም የሚጎድል ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ግን ቀጮ በሳቀች ቁጥር ሚጡ ውሸቷን ልታስታውስ ነው።

«ስክሪብቶ ይስጡኝ» አለች። የተለማመደችው ፊርማ ስላልነበራት ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ጻፈች።

ስትወጣ ካፊያው ወደ ዝናብ ተለውጧል። በግራ ያለውን የቤቷን መንገድ ትታ በቀኙ ሄደች። የእነቀጮን በር ሁለቴ አንኳኳች። የከፈተው አባትየው ነው፤ ግማሽ ጉንጩ ላይ የሶፋው ስፌት ታትሟል።

«አልወጣም ብላለች» አለ ወደ ውስጥ በአገጩ እያመለከተ። «ደግሞ ምን አጣላችሁ?»

«የመጣሁት ለእሷ አይደለም» አለች ሚጡ። «እርስዎን ነው የፈለግኩት፣ ጋሼ። ስለ ጥዶቹ ነው።»