ከአልጋው አልወርድም

«አልወርድም» አለች ልጅቷ፣ የምርመራ አልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ።

ተረኛው ሐኪም ሆዷን በልብሷ ላይ ጫን ጫን አድርጎ የጨጓራ መድኃኒት አዝዞላታል። ደጅ ያለው ወረፋ ረጅም ነው። እናቷ በኀፍረት አንገቷን ደፍታለች።

«ነይ እንሂድ ልጄ፣ ሰው አታስቸግሪ።»

«እማ፣ ጨጓራ አይደለም።»

እናቷ በጥርጣሬ አየቻት። ለምን እንዳላመነቻት ለልጅቷ ግልጽ ነበር። ባለፈው ወር የሒሳብ ፈተና ዕለት «ሆዴን» ብላ ቀርታ፣ ከሰዓት በኋላ ገመድ ስትዘል ተይዛለች። ዛሬ ደግሞ ፊዚክስ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ግን እስኪያድር የምትጠብቅበት አንጀት አልነበራትም።

ሕመሙ ተመልሶ መጣ። እምብርቷ ሥር እርጥብ ልብስ እየጠመዘዙ የሚጨምቁ መሰላት። ጥርሷን ነክሳ አሳለፈችው።

«ያኔ ዋሽቻለሁ» አለች ሐኪሙን ዓይን ዓይኑን እያየች። «ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ አምስት ጊዜ አረንጓዴ አስመልሶኛል። ፈስ እንኳ አልወጣኝም፤ ይሳቁብኝ። ሌላ ሐኪም ይይልኝ።»

ማንም አልሳቀም። እናቷ የመድኃኒቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «እኔም አልሄድም» አለች።

የተጠራችው ቀዶ ሐኪም መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ትልቅ ሴት ነበረች። የልጅቷን ልብስ ገልጣ የተነፋውን ሆድ ቀስ ብላ ዳሰሰች።

«ኦፕራሲዮን ሆነሽ ታውቂያለሽ?»

«በጭራሽ።»

«አንጀት ብዙ ጊዜ የሚዘጋው የድሮ ቀዶ ጥገና ጠባሳ ሲይዘው ነው። ጠባሳ የሌለበት ሆድ ውስጥ አንጀት ሲዘጋ እኔ ዝም ብዬ አላልፍም።»

ሲቲ ስካኑ ትንሹ አንጀት መጠምዘዙን አሳየ። ሳይውል ሳያድር ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት።

ስትነቃ ቀዶ ሐኪሟ አጠገቧ ተቀምጣ አስረዳቻት። «ከመወለድሽ በፊት መጥፋት የነበረበት ትንሽ ከረጢት አንጀትሽ ላይ ቀርቷል። ከእሱ እስከ እምብርትሽ ድረስ ክር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል፤ አንጀትሽ እሱ ላይ ዞረ። ብዙ ሰው ላይ የማያጋጥም ነው። ክሩን ቆረጥን፤ ከረጢቱን ከስንዝር ከማይሞላ አንጀት ጋር አውጥተን ጫፍና ጫፉን ሰፋነው። እስከ ማታ ብትቆዪ ግን ብዙ አንጀት ይሞትብሽ ነበር።»

በሦስተኛው ቀን ተረኛው ሐኪም መጥቶ ግርጌዋ ቆመ።

«አጥፍቻለሁ» አለ። «ወረፋው አስቸኩሎኝ... ይቅርታ።»

እናቷ በክርኗ ነካ አደረገቻት፤ «ምንም አይደለም» በይው ማለቷ ነው። ልጅቷ ገብቷታል። ወጣቱን ሐኪም ጥቂት አየችው።

«ይቅርታዎን ተቀብያለሁ» አለች። «ምንም አይደለም ግን አልልም።»