አንድ ጉንጭ ውኃ

«አፍህን ግጠም! ክርንህን አንሣ! እግርህን ምታ!»

ዳንኤል ይህን ሁሉ ለራሱ የሚናገረው በሆዱ ነበር። አፉን ከከፈተማ ጉዱ ፈላ። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት ነው። ጎሕ ገና መቅደዱ ነው። በመስኖው ግድብ ላይ ጉም ተኝቷል። የእስቴ የጥር ውኃ ደግሞ ብርዱ ይነክሳል፤ መጀመሪያ ጆሮን፣ ከዚያ ጣትን፣ ኋላ ግን ይለመዳል። ዳንኤል ከለመደው ቆይቷል። እንደውም ይወደዋል።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ነው። የስፖርት አስተማሪያቸው መምህር ይሁኔ ተማሪዎቹን ሰብስበው አዲስ ውድድር አመጡላቸው። መጀመሪያ በግድቡ ዋና፣ ከውኃው ሲወጡ ሳያርፉ ሳይክል፣ ከሳይክሉ ሲወርዱ ደግሞ ሩጫ። «ትራያትሎን ይባላል» አሏቸው። የዳንኤል ጓደኛ ዋሴ ይህን ሲሰማ፣ «አንድ ድካም አልበቃ ብሎ ሦስት? እኔ እዚህ ተቀምጬ አጨበጭባለሁ» ብሎ ክፍሉን አሳቀ። ዳንኤል ግን ገባበት። ከውኃ ወጥቶ ሳይክሉ ላይ ጉብ ሲል፣ ነፋሱ እርጥብ ሸሚዙን ሲነፋው፣ ክንፍ ያወጣ ይመስለዋል።

ችግሩ ዳንኤል አንድ ሰው መሆኑ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ የእናቱ ልጅ ነው፤ የመንደር ሰው ነው። ሐሙስ ዕለት ልምምድ ነበረው፣ ግን በእነዋሴ አውድማ ውቂያ ዋለ። ጎረቤት ሲወቃ እጁን ኪሱ ከትቶ የሚያልፍ ማን ነው? ዓርብም ልምምድ ነበረው፣ ግን እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ለቅሶ ይዘውት ሄዱ። «ሰው ሞቶ አንተ ትንቦጫረቃለህ? ተነሥ!» አሉት። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ስለዚህ መምህር ይሁኔ «እሑድ ዕረፍት ነው» ቢሉም፣ ዳንኤል በትምህርት ቤቱ ሳይክል ተነሥቶ ብቻውን ወደ ግድቡ መጣ።

ዳንኤል ደግሞ ዲያቆን ነው። ዛሬ ይቀድሳል።

የሚቀድስ ሰው ቅዳሴው እስኪያልቅ እህል ውኃ አይቀምስም። ይህን ዳንኤል ከሕፃንነቱ ያውቃል። ታዲያ በልቡ እንዲህ ሲል ተሟገተ፦ ገላ መታጠብ አልተከለከለ፤ የተከለከለው መዋጥ ነው። እንግዲያው አፍን ገጥሞ መዋኘት ነዋ! ክርስትና ስላለ ቅዳሴው ዘግየት ብሎ ነው የሚገባው፤ ይደርሳል። ሁለት ጊዜ ግድቡን አቋርጦ ተመለሰ። ጠብታ አልገባችበትም። በራሱ ኮራ።

«አንተ እንቁራሪት! ደወሉ ሳይደወል ውጣ!»

ዋሴ ነው፣ ከዳር። ነጭ በነጭ ለብሷል። ዳንኤል በእጁ «መጣሁ» አለው። ዋሴ ግን ዝም ብሎ የሚጠብቅ ልጅ አይደለም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ፣ ከመሬት ዱላ አነሣ፣ ደረቱን ነፋ፣ እንደ መምህር ይሁኔም ጎርነን አለ፦

«ክርን! ክርን ነው ያልኩት! እኔ ራሴ ገብቼ ባሳያችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ዛሬም ጉንፋን ይዞኛል!»

መምህር ይሁኔ ከኅዳር ጀምሮ ጉንፋን ይዟቸዋል። ውኃው አጠገብ ሲደርሱ ብቻ የሚነሣ ጉንፋን ነው። ዳንኤል ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም። ሳቁ አመለጠው። አፉ ተከፈተ። አንድ ጉንጭ ሙሉ ውኃ ገብቶ፣ ሳይጠይቀው፣ ወረደ።

በእግሩ ቆመ። ውኃው እስከ ደረቱ ነው።

«ዋጥሁት» አለ።

«ምኑን?»

«ውኃውን።»

የዋሴ ዱላ ወደቀ። «ትፋው!»

«ወርዷል እኮ! ከየት አምጥቼ ልትፋው?»

ለቅዳሴ አምስት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን። አንዱ ከጎደለ ቅዳሴው ይታጎላል። በመንደሩ ያሉት ዲያቆናት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛው ዳንኤል ነው። ክርስትና የምትነሣው ደግሞ የዋሴ ታናሽ እኅት ናት። ሰማንያ ቀኗ ዛሬ ሞላ። ሕፃን ክርስትና ተነሥታ ሳትቆርብ አትመለስም፤ ያለ ቅዳሴ ቁርባን የለም። የእነዋሴ ዘመዶች ከስማዳ ድረስ በእግር መጥተዋል። በጉ ታርዷል። ጠላው ደርሷል።

«ስማኝ» አለ ዋሴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ከበግ በቀር ሰሚ ባይኖርም። «ማንም አላየህም።»

«አንተ አየኸኝ።»

«እኔ ጓደኛህ ነኝ፤ ሰው አይደለሁም!»

«ዋሴ...»

«ጤዛ ነው በለው። ጤዛ አፍህ ላይ አርፎ አያውቅም? እናቴ ሦስት ቀን ሙሉ ወገቧን አላሳረፈችም። በናትህ ዳኒ። ዝም ብለህ ግባና ቀድስ።»

ዳንኤል ልብሱን ለበሰ፤ ነጠላውን ደረበ። ሳይክሉን እስከ ዳገቱ ግርጌ እየገፋ ሄደና ከግራሩ አስደግፎ፣ ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በእግሩ ወጣ። ዋሴ ከኋላ ይከተላል። አንድ ጉንጭ ውኃ ምን ያህል ትከብዳለች? በየእርምጃው ሆዱ ውስጥ ስትንቦጫረቅ የሚሰማው መሰለው።

በበሩ ላይ የዋሴ እናት እትዬ ላቀች ሕፃኗን ታቅፈው ቆመዋል። ሲያዩት ፊታቸው በራ።

«ዳንዬ! መጣህልኝ? ሐሙስ በአውድማው ወንድም ሆንክልን፤ ዛሬ ደግሞ ልጄን ታስቆርብልኛለህ። ዕድግ በል!» ብለው ግንባሩን ሳሙት።

ሕፃኗ በነጩ ጨርቅ ውስጥ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየችውና ጨፈነችው።

ዳንኤል ጫማውን አውልቆ ወደ ቤተ ልሔሙ ሄደ። የደብሩ አለቃ ቄስ ገብረ ኢየሱስ በሩ ላይ ቆመው ከጥምጥማቸው ጋር ይታገላሉ። ልብሰ ተክህኖው ተዘጋጅቶ ተሰቅሏል። ዘርግቶ መልበስ ነው የቀረው። እጁንም ዘረጋ።

እጁ ግን ልብሱ ጋር ሳይደርስ ተመለሰ።

«አባ» አለ። «ውኃ ዋጥሁ።»

አባ ጥምጥማቸውን እንደያዙ ዞሩ። «የት?»

«ግድቡ ላይ። ስዋኝ። አፌን ገጥሜ ነበር፤ ሳቅሁ።»

«ምን ያህል ነው?»

«አንድ ጉንጭ።»

«አንድ ጉንጭም፣ አንድ ጋንም ለቅዳሴ ያው ነው» አሉ አባ። ቆጣ ያሉም ያላሉም ይመስላሉ። «ማን አየህ?»

«ዋሴ ብቻ።»

«እሱስ ምን አለህ?»

ዳንኤል መሬት መሬት አየ። «ለእናቱ አዘነ።»

የአባ ጢም ትንሽ ነቅነቅ አለ። «ገባኝ» አሉ። «የአንተን ነገር ኋላ እንነጋገርበታለን፤ አልረሳውም። አሁን ግን ልጂቱ ትቅደም። እንድርያስ ከተማ ነው ያለው?»

እንድርያስ አራተኛው ዲያቆን ነው። ዐሥራ አንደኛ ክፍል ስለሆነ መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይቶ ይማራል፤ ወደ መንደሩ የሚመጣው ለበዓል ነው።

«ከተማ ነው አባ።»

«ቀምሶ ይሆን?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የእንድርያስን ሆድ የማያውቅ የለም።

«ሮጬ ካልደረስሁበት ይቀምሳል» አለ ዳንኤል።

«እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ? እኔ ክርስትናውን እጀምራለሁ። ረጋ ብዬ አነባለሁ። ሽማግሌ ነኝ፤ ቀስ ብዬ ባነብ ማን ይፈርድብኛል?»

ዳንኤል ጫማውን እንደነገሩ አጥልቆ ቁልቁል ተወረወረ። ዋሴ ከበሩ ጀምሮ እስከ ግራሩ ተከትሎት ሮጠ።

«ምን አደረግህ?»

«ነገርኋቸው።»

«ጨረስከን!»

«አልጨረስሁም! እንድርያስን ላመጣ ነው፤ ግፋኝ!»

ዋሴ አንድ አፍታ ቆመ። ከዚያ የበዓል ልብሱን ረስቶ ሳይክሉን ከኋላ ያዘና እየጮኸ ገፋ። ወደ ከተማው የሚወስደው ቁልቁለት ተቀበለው። ዳንኤል በመሪው ላይ ጎንበስ አለ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይፈነጠራል፤ ገለባው ማሳ በግራ በቀኝ ይሸሻል። ጭንቅ ላይ ያለ ሰው መደሰት የለበትም ይባል ይሆናል፤ እግሮቹ ግን ይህን አልሰሙም። ፔዳሉን ሲመቱት ደስ ብሏቸው ነበር።

ከተማው መግቢያ ላይ ነጠላ የለበሱ ሰው ወደ እሱ ሲመጡ አየ። መምህር ይሁኔ ናቸው፤ ለክርስትናው ተጠርተው ሲመጡ።

«ዳንኤል! ዛሬ ዕረፍት ነው አላልኩም?»

«ልምምድ አይደለም ቲቸር! ዲያቆን ላመጣ ነው!»

መምህሩ ነገሩ አልገባቸውም። ግን አስተማሪ ናቸው። «እንግዲያው ዳገቱን ቁጭ ብለህ አትውጣው፣ ቁም!» ብለው ጮኹ። ዳንኤል ቆሞ ወጣው።

የእንድርያስ ግቢ በር ገርበብ ብሏል። እንድርያስ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ተቀምጧል፤ ሻዩ ከጎኑ ይጨሳል። እጁ ላይ ዳቦ አለ። ዳቦው ወደ አፉ እየሄደ ነው።

«እንዳትጎርስ!»

ዳቦው አየር ላይ ቆመ። «ምንድነው? ማን ሞተ?»

«ማንም! አስቀምጠው! ቀምሰሃል?»

«ገና ልጀምር ነበር።»

«ሻዩንስ?»

«ይብረድልኝ ብዬ... ምን ሆነሃል አንተ? ዓይንህ ደም መስሏል!»

ዳንኤል እየተነፈሰ ነገረው። እንድርያስ ሰማ። ዳቦውን አየ፤ ዳንኤልን አየ፤ እንደገና ዳቦውን አየ። ከዚያ እንደ ታመመ ዘመድ ቀስ አድርጎ ሳሕኑ ላይ አስተኛውና ተነሣ። «ነጠላዬን ላምጣ» አለ።

መመለሱ ቀላል አልነበረም፤ የወረደው ቁልቁለት አሁን ዳገት ሆኖ ጠበቀው፤ መምህር ይሁኔንም መንገድ ላይ አልፈዋቸው ሄዱ። እንድርያስ ወፍራም ልጅ ነው፤ ሳይክሉ ከኋላ ሲቀመጥበት አቃሰተ። እሱ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ «ድንጋይ! ወደ ግራ! አህያዋን ተጠንቀቅ!» እያለ ይነዳል። ከዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ ሳይክሉን ጥለው ሮጡ። ግማሽ ላይ እንድርያስ ወገቡን ይዞ ቆመ።

«አንተ ሂድ፤ እኔን እዚሁ ቅበሩኝ።»

«ከቅዳሴው በኋላ እንቀብርሃለን፤ ና!» ብሎ እጁን ጎተተው።

ከላይ የአባ ድምፅ ይሰማል። እንዲያ የተጎተተ ንባብ ዳንኤል ከተወለደ ሰምቶ አያውቅም፤ በአንዱ ቃልና በሌላው መካከል ሰው ውኃ ቀድቶ ይመለሳል። ሰዉ እርስ በርሱ ይተያያል። አባ ቀና ብለው በበሩ የገባውን እንድርያስን ባዩ ጊዜ ንባቡ እንደ ጎርፍ ወረደ። ወዲያው የሕፃኗ ጩኸት ግቢውን ሞላው። ጥር ነው፤ ውኃው ይነክሳል። አመተ ሥላሴ ተባለች።

እንድርያስ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ገባ። ደወሉ ተደወለ።

ዳንኤል ግን ውጭ ቀረ፤ ከወይራው ሥር። ሁልጊዜ ከውስጥ ሆኖ የሚለውን ዛሬ ከውጭ ሆኖ ይቀበላል። አንዳንዱ ሰው ዘወር ብሎ ያየዋል። ፊቱ ጋለ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ላይ ትከሻ ሲነካው ተሰማው። ዋሴ ነው።

«ሼም ያዘህ?» አለው በሹክሹክታ።

«ትንሽ።»

«እኔንም» አለ ዋሴ።

ከቅዳሴው በኋላ እነዋሴ ቤት ሲደርሱ ዳሱ ሞልቷል። እትዬ ላቀች ነገሩን ሰምተዋል፤ የመንደር ወሬ ከሳይክል ይፈጥናል። እንድርያስ ፊት ሁለት ሰው የማይጨርሰው መሶብ አቀረቡ፤ «ዳቦህን የቀማንህ እኛ ነን፣ በሞቴ ብላ!» አሉት። ወደ ዳንኤል ዞሩ። ምን ሊሉት ይሆን ብሎ ሲፈራ፣ ጆሮውን ቆንጠጥ አደረጉትና ሳሙት።

አባ ጠላቸውን ቀምሰው ዋንጫውን አስቀመጡ። «እኮ፣ ዲያቆን፣ ውኃውን ልትተወው ነው?»

በአካባቢው ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። እናቱም ከወዲያ ጆሯቸውን አቆሙ። ሁሉም የሚጠብቁትን መልስ ዳንኤል ያውቀዋል። «እተዋለሁ» ማለት ቀላል ነበር፤ ምርቃትም ያስገኛል።

«አልተወውም አባ» አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «ለቅዳሴ በምገባበት ቀን ግን ግድቡ አጠገብም አልደርስ።»

አባ ዓይናቸውን አጥብበው አዩት። «ይህን ያልከኝ ሰው ፊት ነው፤ ሁሉም ምስክር ነው» አሉ፤ ዋንጫቸውንም መልሰው አነሡ።

ከበሮ ተመታ። መምህር ይሁኔ እንጀራቸውን እንደያዙ ወደ ዳንኤል ጠጋ አሉ። ፊታቸው በደስታ ያበራል።

«ያ ዳገት! ዲያቆን ጭነህ! እንደዚህ ስትነዳ አይቼህ አላውቅም። እግርህ ሳይቀዘቅዝ፣ ከሰዓት አንድ ዙር እንውጣ? ሐሙስና ዓርብ ያመለጠህን እናካክሳለን።»

ዳንኤል በዳሱ አፍ ወደ ውጭ አየ። ሳይክሉ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ልጆች ደወሉን ያንጫርሩታል። እግሮቹ ያውቁታል፤ ዝግጁ ናቸው። ወደ ውስጥ አየ። ዋሴ ከግድግዳው ጥግ አግዳሚው ላይ ተጣቦ ተቀምጧል። ወደ ጎን ጠጋ ብሎ የአንድ ሰው ቦታ ለቀቀለት።

«ነገ ከትምህርት በኋላ ቲቸር» አለ ዳንኤል። «ዛሬ እንግዳ ነኝ።»

ሄዶም እጁን ታጠበና ዋሴ አጠገብ ተቀመጠ።