ፀሐይ ስትገባ የሚዘጋው ጣቢያ

በሚሲሲፒዋ ትንሽ ከተማችን የጥቁሮቹ ሬዲዮ ፈቃዱ የቀን ብቻ ነበር፤ ፀሐይ ስትገባ ይዘጋል። ስለዚህ የጣቢያው ዜና አንባቢ የኤሊስና የቬርኔታ ፍቅር ቀኑ አጥሮ ኤሊስ ቶሎ ከሥራ በሚወጣበት የብርድ ወራት ይደምቃል፣ ቀኑ ሲረዝም ደግሞ ይቀዘቅዛል እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

የተዋወቁት ቬርኔታ የቤተ ክርስቲያኗን የቀብር ማስታወቂያ ይዛ ጣቢያው በሄደች ቀን ነው። ኤሊስን ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር ራሷ እንድታነበው ለመናት። የሟቿን ስም ስትጠራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጥቂት ዝም አለች። ያቺ ዝምታ የኤሊስን ልብ ወሰደችው።

ኮሌጅ ገብታ የብዙኃን መገናኛ እንደምታጠና ስትነግረው ግን ሳቀ።

«ማውራትም በመጽሐፍ ይማሩታል እንዴ?»

አልተቆጣችም። ከእነሱ በፊት የነበሩ ጥቁሮች ወደ ነጮች ጣቢያ በጓሮ በር እየገቡ፣ የአየር ሰዓቱን ከኪሳቸው እየገዙ ማይክሮፎን ፊት እንደተቀመጡ አጫወተችው። እነሱ በመከራ ያገኙትን ወንበር ሳያውቁበት መቀመጥ ያሳፍራታል። ኤሊስ ሰማት፤ ነገሩ ግን አልገባውም።

በሚያዝያ ትምህርቱን ትተሽ እንጋባ አላት። ቬርኔታ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እወድሃለሁ፤ ትምህርቴን ግን አልተውም።»

«እንግዲያው እኔ አልበቃሁሽም ማለት ነው» አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ በኋላ ተኮራረፉ። እሷም በእልህ ሬዲዮኗን ዘጋች።

አንድ ምሽት ሰማዩ፣ አውሎ ነፋስ ሊመጣ ሲል እንደሚሆነው፣ አረንጓዴ መስሎ ጠቆረ። ነጮቹ ሰፈር የአደጋ ማስጠንቀቂያው ደወል ጮኸ፤ እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም። ቬርኔታ እየሮጠች ጣቢያው ስትደርስ ኤሊስ ሊዘጋ እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጓል።

«አትዝጋው፣ ኤሊስ!»

«ፀሐይ ገብታለች። ፈቃዱን ይነጥቁናል፤ ያለን ጣቢያ ይኸው አንድ ነው።»

«የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ሕጉ ይፈቅዳል። የንግድ ማስታወቂያ እንዳታስተላልፍ ብቻ። ተምሬዋለሁ።»

ትክ ብሎ አያት። ተሳስታ ከሆነ የሰፈሩ ሁሉ ድምፅ መዘጋቱ ነው። እጁን ከማጥፊያው ላይ አነሣ።

እሷ ስልኩን እየተቀበለች አውሎ ነፋሱ ያለበትን ትነግረዋለች፤ እሱ መንገዶቹን በየስማቸው እየጠራ ያስጠነቅቃል። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለውን፣ እናቱ የሚኖሩበትን ሰፈር ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ።

«እማ፣ ሁሉን ትተሽ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውረጂ።»

በማግስቱ የጣቢያው ባለቤት ኤሊስን ሊያባርር መጥቶ ነበር፤ ቬርኔታ ሕጉን ስታነብለት ተመልሶ ሄደ። ከሐዲዱ ማዶ ግን ቆሞ የቀረ ቤት አልነበረም። የኤሊስ እናት፣ እማማ ሎቲ፣ ከቤታቸው የተረፈው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል።

«ብዘጋው ኖሮ እናቴን የምገድላት እኔው ነበርኩ» አላት ኤሊስ ለቬርኔታ። አጎንብሶ ቀጠለ። «ኮሌጁ እንደኔ ያለውን ትልቅ ሰው ይቀበላል?»

መልስ ሳትሰጠው እማማ ሎቲ ቀደሟት።

«ኮሌጁስ ይቀበልሃል። ያስቀየምካት ግን እሷን ነው፤ መጀመሪያ እሷን ጠይቅ።»

ኤሊስ ቀና ብሎ ቬርኔታን አያት። ይቅር ብላ እንድታገባው ጠየቃት፤ ትምህርቷን እንድትተው ግን አልጠየቃትም። ቬርኔታም በጭቃ የተለወሰ እጁን ያዘችና፣ ከአውሎ ነፋሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።