የኢዶሳ ሰዓት

ልደቱ የተገኘው ከእንጦጦ ወደ ቀበና በሚያወርደው የእግር መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ያዩት ከጸበል የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። ደክሞት ያረፈ መስሏቸው «ኧረ አባቴ ይነሡ፣ ብርድ ይመታዎታል» እያሉ ቀሰቀሱት። ማጅራቱን ሲያዩ ግን የያዙትን ጀሪካን ጥለው እሪ አሉ። አጠገቡ ደም የነካው ድንጋይ ወድቋል። በቀኝ እጁ ጭብጥ ውስጥ ደግሞ ማሰሪያው የተቀደደ ትልቅ የእጅ ሰዓት ነበር።

ቀበና ውስጥ ልደቱን የማያውቅ የለም። ሰዓት ሻጭ ነው፤ ያውም ነገረኛ ሰዓት ሻጭ! ልክህ ካልሆነ ብትለምነውም አይሸጥልህ። መጀመሪያ አንጓህን ይዞ እንደ በግ ገዢ ያገላብጠዋል። ማሰሪያውን ከላይና ከታች የሚይዙትን የሰዓቱን ጫፎች «ጆሮ» ይላቸዋል። «ጆሮዎቹ ከእጅህ ጠርዝ ካለፉ፣ ሰዓቱ ነው አንተን ያሰረህ። በቀጭን እጅ ላይ ትልቅ ሰዓት ማለት የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ ማለት ነው። በወፍራም እጅ ላይ ትንሽ ሰዓት ደግሞ የሸሚዝ ቁልፍ መስሎ ይቀራል» ይል ነበር። ሰው ይስቅበታል፤ ዞሮ ዞሮ የሚገዛው ግን ከእሱ ነው።

ሰዓቱን ያየ ሁሉ የማን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። የኢዶሳ ነው! ኢዶሳ የካራ ሰፈር ልጅ ነው፤ ዛሬ ድንጋይ ፈላጭ፣ ድሮ የሚኒባስ ሾፌር። የልደቱን የወንድም ልጅ፣ ገብረ ክርስቶስን፣ በመኪና ገጭቶ ገድሎ ታሰረ፤ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ቢልክ የሟቹ አባት አቶ ዓምደ ሚካኤል ሽማግሌዎቹን ከደጃፋቸው መለሷቸው። ታናሽ ወንድማቸው ልደቱ ግን ታረቀ። መታረቁ ሳያንስ የኢዶሳን ወፍራም አንጓ ለክቶ፣ ለዕርቁ ምልክት ብሎ ያንን ሰዓት በገዛ እጁ አሰረለት። በመጪው እሑድ ቤተ ዘመዱን ሁሉ ሊያስታርቅ ሽማግሌ አሰናድቶ ነበር። እንግዲህ ሰፈሩ ምን ይበል? «ያጎረሰ እጁን ተነከሰ» አለ። ፖሊስም ኢዶሳን ከካራ አምጥቶ አሰረው።

ኢንስፔክተር የማርያምወርቅ ለቅሶ ቤቱ ስትደርስ አቶ ዓምደ ሚካኤል በድንኳኑ መሐል ቆመው ይፎክራሉ። ጎረምሶቹ ደግሞ ከድንኳኑ ጀርባ ቤንዚን በጀሪካን ይቀዳሉ።

«ወንድሜ አፈር ሳይለብስ የካራው ቤት ይነዳል!»

የማርያምወርቅ አጭር፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የማያውቃት ሰው እንቅልፏ የመጣ ይመስለዋል፤ በዚህ የተታለሉ ሰዎች ዛሬም እስር ቤት ሆነው ይቆጫሉ። ሽማግሌው ፊት ሄዳ ቆመች።

«አባባ፣ እዚያ ቤት ያለችው እናቱ ናት። አሮጊት ናት።»

«እኔስ ልጅ አልነበረኝም? እኔስ ወንድም አልነበረኝም?»

«እስከ ቀብሩ ይታገሡኝ። ገዳዩን ፊትዎ አቆመዋለሁ።»

«የታሰረው ማነው ታዲያ?»

«እሱን ነው የማጣራው።»

አቶ ዓምደ ሚካኤል ዓይናቸው ደም ለብሶ አዩዋት። «ይሁን፣ እስከ ቀብር። ግን ስሚኝ አንቺ ልጅ፤ ገዳዩ ማንም ይሁን ማን፣ በእነዚህ እጆቼ ነው የምጨርሰው። ሚካኤል ምስክሬ ነው!»

ከዚያ ወጥታ ጣቢያ ሄደች። ኢዶሳ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

«ሰዓትህ ሟቹ እጅ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«እኔ ምን አውቄ? ድንጋይ ስፈልጥ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ለጋሽ ልደቱ ሰጠኋቸው። ‹ከእሑድ በፊት አስተካክልልሃለሁ› አሉኝ።»

«ስትሰጠው ማን አየ?»

«እሳቸው ናቸዋ። እሳቸው ደግሞ… ኢንስፔክተር፣ እኔን እንደፈለጉ ያድርጉኝ። እናቴን ግን አደራ። አቶ ዓምደ ሚካኤል ቤታችን ይሄዳሉ አይደል?»

የማርያምወርቅ ከቦርሳዋ ክር አወጣችና አንጓውን ለካች። ከዚያ በላስቲክ የታሸገውን ሰዓት ከክሩ ጋር አስተያየች። የሰዓቱ መስታወት አንድም ጭረት የለበትም፤ ያብረቀርቃል።

ወደ ለቅሶ ቤቱ ስትመለስ የልደቱ ሚስት ሰገነት እልፍኝ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደረቅ ነው።

«አልቅሺ ይሉኛል» አለች። «የገደለውን ሳላየው ምን አባቴ ብዬ ነው የማለቅሰው? መጀመሪያ አሳዩኝ።»

«ጠላት ነበረው?»

«‹ልክህ አይደለም› ብሎ የመለሰው ሁሉ ሲራገመው ይውላል። የምር ጠላት ግን የለውም። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ብቻ ከዕርቁ ወዲህ ደጃችንን አልረገጡም። ‹የልጄን ገዳይ እጅ ያስጌጠ ወንድሜ አይደለም› አሉ። ይኸው ሲሞት ወንድማቸው ሆነ!»

«ዛሬ ጠዋት ወደ እንጦጦ እንደሚወጣ ማን ያውቃል?»

«ማን የማያውቅ አለ? ኪዳን ሳያደርስ ሱቁን አይከፍትም።»

ሱቁ ውስጥ ያለችው ጸጋ ናት፤ የልደቱ ሠራተኛ። የማርያምወርቅ ስትገባ፣ የጸዳውን መደርደሪያ እንደገና ማጽዳት ጀመረች።

«የኢዶሳ ሰዓት እዚህ ነበር?»

ጸጋ ጨርቋን ጨመቀች። «ነበር። መሳቢያ ውስጥ። መስታወቱን ቀይረንለት ነበር።»

«እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?»

«አቶ ዓምደ ሚካኤል ‹ለኢዶሳ የሚመሰክር እሱም ገዳይ ነው› እያሉ? እኔ ለነፍሴ አላዝንም እንዴ!»

«ትናንት ከአንቺና ከልደቱ ሌላ እዚህ ማን ቆየ?»

«ማንም። ምሳ ስበላ ጆኒ ጠበቀልኝ እንጂ። እሱ የቤት ልጅ አይደል? የጋሼ ወንድም ልጅ እኮ ነው።»

ጆኒ የአቶ ዓምደ ሚካኤል የቀረ አንድ ልጅ ነው፤ የገብረ ክርስቶስ ታናሽ። ድንኳኑ ጥግ ቆሞ አገኘችው። ቀጭን፣ መልከ መልካም ወጣት ነው። ፀሐዩ ሰው እያቃጠለ እሱ የሹራቡን እጅጌ እስከ ጣቶቹ ጎትቶታል።

«ሰዓቱን ታውቀዋለህ?»

«እንዴ፣ የኢዶሳ ነዋ! ትናንት አመሻሽ ላይ ኮተቤ ታክሲ ተራ እጁ ላይ አይቼዋለሁ። ሲሪየስሊ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«አንተስ ሰዓት አታደርግም?»

«ሙዱ የለኝም።»

«አጎትህ ሰዓት ሻጭ ሆኖ?»

ጆኒ ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ይመራል። «ያንን ትልቁን ነበር የፈለግኩት። ‹እጅህ የሴት እጅ ነው፣ አነስ ያለ ያዝ› አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ለማን ሰጠው? ለወንድሜ ገዳይ!»

የማርያምወርቅ «አይዞህ» ብላው ሄደች። አይ፣ የእሷ «አይዞህ»!

አስከሬኑ መጥቶ ሕዝቡ ለቀብር ሲነሣ ቤተሰቡን እልፍኝ ሰበሰበች። ሰገነት፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ጆኒና ጸጋ ተቀመጡ። ከዚያ ሁለት ፖሊሶች ኢዶሳን በካቴና ይዘው ገቡ። ቤቱ ተናጠ።

«ሬሳው ፊት አመጣሽው?» ብለው አቶ ዓምደ ሚካኤል ከዘራቸውን አነሡ። ፖሊሱ ያዛቸው።

«አባባ፣ ቃል ገብተውልኛል። ይስሙኝ» አለች የማርያምወርቅ። ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «መጀመሪያ መስታወቱን እዩት። ኢዶሳ ተሰንጥቆብኝ ሱቅ ሰጠሁት ይላል። መስታወቱ አዲስ ነው። ጸጋ፣ የት ነበር?»

ጸጋ አቶ ዓምደ ሚካኤልን ላለማየት አቀርቅራ «መሳቢያችን ውስጥ» አለች። «እስከ ትናንት ምሳ ድረስ አይቼዋለሁ። ዛሬ ስከፍተው የለም።»

«ጆኒ ግን ትናንት አመሻሽ ላይ ኢዶሳ እጅ ላይ አየሁት ብሎኛል።»

«ተሳስቼ ይሆናላ» አለ ጆኒ።

«ይሆናል። አሁን ማሰሪያውን እዩ። ጫፉ አካባቢ ያለው ቀዳዳ ሰፍቷል፣ በላብ ጠቁሯል። ኢዶሳ ሲያስረው የኖረው እዚህ ላይ ነው። የተቀደደው ግን ይኼኛው ነው፤ ወደ ውስጥ የገባው፣ ማንም ተጠቅሞበት የማያውቀው ቀዳዳ። ሰዓት ከእጅ ላይ ሲነጠቅ የዘለበቱ ሹል የሚቀድደው የገባበትን ቀዳዳ ነው። ሟቹ ከኢዶሳ እጅ ላይ ነጥቆት ቢሆን ኖሮ የሚቀደደው ሰፊው ነበር። በዚህኛው ቀዳዳ በኢዶሳ እጅ ላይ ማሰሪያው ጨርሶ አይገጥምም። ለክቼዋለሁ።»

ሰገነት ከፍራሹ ቀና አለች። «ታዲያ ማን እጅ ላይ ነው የተቀደደው?»

«የገዳዩ እጅ ላይ። ሟቹ ልደቱ ምንም አልነጠቀም፤ ከኋላ ነው የተመታው፣ ወዲያው ነው የወደቀው። ገዳዩ በትግል የተቀደደ እንዲመስልለት ፈለገ። ጠንካራ ቆዳ በጣት ጎትተው አይቀድዱትም። ስለዚህ የገዛ እጁ ላይ አሰረውና በሌላው እጁ በኃይል መነጨቀው። ከዚያ ሟቹን አስጨበጠው። ያልገባው ነገር ቢኖር፣ ሲያስረው በራሱ ልክ እንዳሰረው ነው።»

ክሩን አወጣች። የተቀደደው ቀዳዳ ላይ ማሰሪያው ሲገጥም የሚያክለውን ያህል ለክታ በቋጠሮ ምልክት አድርጋበታለች። ሰገነት ሳትጠየቅ እጇን ዘረጋች፤ ክሩ ሰፋት። ጸጋንም እንደዚያው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ያበጠ አንጓቸውን በንቀት ወረወሩላት፤ ክሩ ዞሮ ቋጠሮው ጋ ሳይገጥም ቀረ።

«ጆኒ» አለች።

«ይኼ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? የወንድሜ ገዳይ እዚህ ቆሞ እኔ እለካለሁ?»

«ስጣት እንጂ ልጄ!» ብለው አባቱ ጮኹ። «ምን ያስፈራሃል? ስጣትና አፏን ትዝጋ!»

ጆኒ አልሰጣትም። አባትየው ራሳቸው የልጃቸውን ክንድ ያዙና እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰቡት። ክሩን መጠምጠም እንኳ አላስፈለገም። በቀጭኑ አንጓ ግራና ቀኝ፣ አጥንቱ ላይ፣ ሁለት ትኩስ ቁስሎች ፊት ለፊት ቆመዋል።

«ጆሮዎቹ ናቸው» አለች የማርያምወርቅ። «ትልቅ ሰዓት ቀጭን እጅ ላይ ጆሮው ከጠርዙ ይወጣል። ሲነጨቅ ቆዳውን ይልጠዋል። የኢዶሳን እጅ አይነካም ነበር፤ ሰዓቱ ልኩ ነው።» ክሩን ጆኒ አንጓ ላይ አሳረፈችው። ቋጠሮው ሳይጠብቅ ሳይላላ ገጠመ።

አቶ ዓምደ ሚካኤል የልጃቸውን ክንድ እንደያዙ ቀሩ። «ጆኒ… ወድቄ ነው በላት። በር ዘግቶብኝ ነው በላት።»

ጆኒ ክንዱን አስለቀቀ። አላለቀሰም፤ ተቆጣ እንጂ። «ለምን እዋሻለሁ? አንተ አይደለህ እንዴ! ከልጅነቴ ጀምሮ የወንድሜን ፎቶ እያሳየህ ‹ደሙን ማን ይመልሳል?› ስትለኝ የኖርከው? ‹ከገዳይ ጋር የታረቀ እሱም ገዳይ ነው› ያልከው ማነው? እኔ መለስኩልህ! ከዳተኛው ሞተ፣ ይኼኛው ሊሰቀልልህ ነበር። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ፖሊሱ ካቴናውን ከኢዶሳ እጅ ፈትቶ ጆኒ እጅ ላይ አደረገው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ያን ጊዜ ወደ ልጃቸው አልሄዱም፤ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞሩ።

«ምነው ዝም ብትዪ!» አሉ። «ምን ነበረበት? ያው አንዴ ልጄን የገደለ ሰው ነው። እሱን ብታንጠለጥዪው ማን ያዝንለት ነበር? አንድ ልጅ ነው የቀረኝ!»

የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ አገር ሲሰማው የዋለው መሐላ የት እንደገባ እንጃ! ሰገነት ግን አልረሳችውም። ከፍራሹ ተነሥታ ፊታቸው ቆመች። ጠዋት ያልመጣው እንባ አሁን እየወረደ ነው።

«ማንም ይሁን ማን አላሉም? ሚካኤልን ምስክር አልጠሩም? ይኸው ገዳዩ! ይኸው እጆችዎ! በሉ እንግዲህ የባሌን ደም ይመልሱልኝ!»

ሽማግሌው፣ ፖሊሶቹ ጆኒን ሲያስወጡት በዓይናቸው ሸኙት። ከዚያ እየተደናበሩ ወደ ግቢው ወጡ። አንድ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጃቸው አነሡ፣ ማጅራታቸው ላይ ጫኑና ሕዝብ እያየ ሰገነት እግር ሥር ተንበረከኩ።

«ልጄን ማሪልኝ» አሉ። «ስለ እግዚአብሔር!»

የይቅርታ ድንጋይ ከበዳይ ማጅራት ላይ የሚያነሣው የተበደለው ነው። ቤንዚን ሲቀዱ የነበሩት ጎረምሶች አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው ከድንጋዩ ሥር ሲጎብጡ ያየው ኢዶሳ አላስቻለውም፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ሊያነሣላቸው እጁን ዘረጋ።

«ተወው!» አለች ሰገነት። «ይክበዳቸው።»

ነጠላዋን አደገደገችና ከሬሳው ኋላ ወጣች። ሕዝቡም ተከተላት። ከቀብር ሲመለሱ ሽማግሌው እንደተንበረከኩ ነበሩ። ሰገነት በአጠገባቸው አልፋ ገባች።